ዋናው መስመር ሲመጣ የገጠሩ ሶላር ምን ይሆናል?

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ስለ መብራት የሚወራው ነገር ሁለት ጎራ ይዟል። አንደኛው ወገን 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ እያለን ገጠር ውስጥ ሶላር መትከል ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ሌላኛው ደግሞ ገጠሩን በሽቦ ማዳረስ የማይቻል ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ሶላር ይዞ ቢቀመጥ ይሻላል ባይ ነው። ሁለቱም ጋ ያለው ሃሳብ ግን ያው አንድ ነው፣ ሶላርና ዋናው መስመር እንደ ጣውንት አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት የሚል። እንደዛ የሆነበት አገር አለ፣ እንደዛ ያልሆነበትም አገር አለ፣ ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ሶላሩ ሲተከል ማን ምን እንደተስማማ ነው። ይሄን ለማየት መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ መረዳት ያስፈልጋል።

ሚኒ ግሪድ ሲባል ምን ማለት ነው

ግሪድ ማለት ማመንጫውን ከተጠቃሚው ቤት የሚያገናኘው የሽቦ መረብ ነው። ዋናው ግሪድ የምንለው ጊቤን፣ በለስን፣ ህዳሴን ምናምን አንድ ላይ አስሮ አዲስ አበባም ሐዋሳም ድረስ የሚሄደው ነው። ሚኒ ግሪድ ደግሞ የዚህ ትንሹ ነው፣ አንድ መንደር ወይም አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሽከረከር። የራሱ ማመንጫ አለው (አሁን አሁን ባብዛኛው ሶላር ከባትሪ ጋር፣ አንዳንዴ ለመጠባበቂያ ጀነሬተር)፣ የራሱ ምሰሶ፣ የራሱ ቆጣሪ አለው። ጣራ ላይ ከሚሰቀለው የአንድ ቤት ሶላር ጋር መምታታት የለበትም፣ ሚኒ ግሪድ ለብዙ ቤት የሚሸጥ ትንሽ መብራት ኃይል ነው ቢባል ይቀላል።

ለኛ አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። የድሮው መብራት ኃይል ስራውን በሁለት ከፍሎ ነበር የሚያካሂደው፣ አይሲኤስ የሚባለው እርስ በርሱ የተያያዘው ዋናው መረብ ነው፣ ኤስሲኤስ የሚባለው ደግሞ ከዋናው ተነጥለው ለብቻቸው የሚሰሩ ጣቢያዎች ናቸው። ብዙ የወረዳ ከተሞች ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት መብራት ያገኙ የነበረው በነዚህ የናፍጣ ጀነሬተሮች ነው። መቱ አካባቢ ያለው 5 ሜጋዋቱ ሶር፣ ደምቢ እና ያዶት የሚባሉት ትናንሽ የውሃ ማመንጫዎችም በኤስሲኤስ ስር የነበሩ ናቸው። ዋናው መስመር ሲደርስ የናፍጣው ጀነሬተር ስራውን ያቆማል፣ ምሰሶውና ሽቦው እዛው ቀርቶ ከአዲሱ ትራንስፎርመር ጋር ይያያዛል። ያኔ ማንም ከሰርኩ ብሎ አልጮኸም፣ ምክንያቱም የጀነሬተሩም የመስመሩም ባለቤት አንድ መስሪያ ቤት ነበር። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ግድቡ እያለ መብራቱ ለምን አይደርስም

ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል ሶስት የተለያዩ ስራዎች ናቸው። ህዳሴ የመጀመሪያውን ነው የሰራው። ከግድቡ በ500 ኪሎቮልት የወጣው ኃይል በየሰብስቴሽኑ (ቮልቴጁ የሚቀነስበት ጣቢያ) እየወረደ እየወረደ መጥቶ በ33 ወይም በ15 ኪሎቮልት ወደ ገጠር ይሄዳል፣ በመጨረሻ መንደሩ ዳር ያለ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ችግሩ ያለው እዚህ የመጨረሻው ጉዞ ላይ ነው። ከሰብስቴሽን 60፣ 70 ኪሎሜትር ርቀው ተበታትነው ለሚኖሩ 200 ቤቶች ምሰሶ እየተከሉ መሄድ፣ ከዛ እያንዳንዱ ቤት ማታ ሁለት አምፖልና አንድ ስልክ ቻርጅ ሲያደርግ የሚያስገባው ገንዘብ አይገናኝም። ለዓመታት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ታሪፉ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፣ ሃምሳውንም ሙሉ የተጠቀመ ቤት የሚከፍለው 14 ብር እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሶስት ወሩ እየተሻሻለ ነው፣ ያም ሆኖ ለራቀ መንደር መስመር የወጣውን ወጪ ከቢል እመልሳለሁ ማለት ዘበት ነው።

ለዚህ ነው መንግስት ራሱ በመጋቢት 2011 ባወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን ህዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች አዳርሳለሁ ብሎ ያቀደው። እቅዱ በጊዜው አልሞላም። ግን እቅዱ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ብዙ ሰው ልብ አላለውም፣ ከመስመር ውጪ የተባለው አብዛኛው ህዝብ እዛው ይቀራል አልተባለም፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ዋናው መስመር 96 በመቶውን ይደርሳል ነው የሚለው። ስለዚህ ዛሬ ሶላር የሚተከልለት መንደር ነገ መስመር እንደሚመጣለት ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። መስመሩ ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ገና ከመትከሉ በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ሽቦውን ማሰር ብቻ አይደለም

ቴክኒኩ ሲታይ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አስቸጋሪ አይደለም፣ እንደሚናቀውም ቀላል አይደለም።

ሁለት የመብራት ምንጮች አንድ ሽቦ ላይ አብረው ለመስራት መገጣጠም አለባቸው፣ ሲንክሮናይዝ ማድረግ የሚባለው እሱ ነው። ቮልቴጁ እኩል፣ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር (እኛ ጋ 50 ኸርዝ) እኩል፣ የፌዞቹ (ኃይል የሚያመጡት ሶስቱ ሽቦዎች) ቅደም ተከተል አንድ አይነት፣ ውዝዋዜው ራሱም ባንድ ጊዜ የሚወጣና ባንድ ጊዜ የሚወርድ መሆን አለበት። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች እግር ካልገጠሙ በሽተኛው ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ሳይገጣጠሙ ከተያያዙ ትንሹ ነው የሚጎዳው፣ ትልቁ ግሪድ አይሰማውም እንኳን።

ሶላሩ ጋ ያለው ኢንቨርተር፣ ማለትም ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣውን ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኃይል) ወደ ኤሲ (እንደ ዋናው መስመር የሚወዛወዝ) የሚቀይረው ዕቃ፣ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ራሱ ውዝዋዜውን የሚፈጥር ነው፣ ሌላው ከሌላ ቦታ የመጣውን እየተከተለ የሚሰራ። ለብቻው የሚኖር ሚኒ ግሪድ የግድ የመጀመሪያው ያስፈልገዋል። ዋናው መስመር ሲመጣ ግን ያ ኢንቨርተር መሪ መሆኑን ትቶ ተከታይ መሆን አለበት፣ መስመሩ ሲጠፋ ደግሞ ተለይቶ እንደገና መሪ መሆን አለበት። ይሄን የሚችሉ ኢንቨርተሮች ገበያ ላይ ሞልተዋል፣ የማይችሉ ርካሾችም ሞልተዋል፣ ጨረታው ላይ ካልተጻፈ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም።

መለየት የሚለው ነገር የሰው ህይወት ጉዳይም ነው። መስመሩ ተበላሽቶ ሰራተኛው ሰብስቴሽን ላይ አስጠፍቶ ምሰሶ ላይ ወጣ እንበል። እሱ ሽቦው ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው። መንደሩ ውስጥ ያለው ሶላር ሳይለይ ኃይል እየላከ ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩ 380ውን ቮልት ወደ ኋላ 33 ሺህ አድርጎ ነው የሚልከው፣ ትራንስፎርመር አቅጣጫ አይመርጥም። ስለዚህ መስመሩ በጠፋ ቅጽበት ሶላሩን በራሱ የሚነጥል መሳሪያ የግድ ነው፣ ያለሱ ማገናኘት የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ጉዳይ ብሬከር፣ ማለትም ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ዕቃ ነው። መንደሩ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ 100 ኪሎዋት ኢንቨርተር የሚያወጣው ከተለመደው ብዙም ያልራቀ፣ ሁለት ሶስት መቶ አምፔር ቢሆን ነው፣ ከዛ ራሱን ያጠፋል። ከዋናው መስመር ጋር የተገናኘ 100 ኪቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ግን በዛችው ቅጽበት ከ3 ሺህ አምፔር በላይ ሊያወርድ ይችላል። ለመጀመሪያው ተብሎ የተመረጠ ብሬከርና ቀጭን ሽቦ ለሁለተኛው አይሆንም፣ ይቀልጣል። በርካታ አገሮች ውስጥ ሚኒ ግሪዶች ከዋናው ጋር መገናኘት ያቃታቸው ለዚህ አይነት ተራ ምክንያት ነው፣ ምሰሶው አጭር፣ ሽቦው ቀጭን፣ ባንድ ፌዝ ብቻ የተዘረጋ፣ የመብራት ኃይሉን ስታንዳርድ የማያሟላ። እንደዛ ከሆነ መብራት ኃይል መጥቶ ከጎኑ አዲስ ምሰሶ ይተክልና የድሮው ለልብስ ማስጫ ይቀራል። በዲሲ ብቻ የተዘረጋ ከሆነማ ጭራሽ የሚገናኝ ነገር የለም።

ምጣድ የማይጥድ መብራት

አሁን ደግሞ ከተጠቃሚው በኩል እንየው። ህንድ ቢሃር ውስጥ ዳርናይ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሪንፒስ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት 100 ኪሎዋት የሚሆን የሶላር ሚኒ ግሪድ ተከለላት፣ በፀሐይ የምትኖር መንደር ተብላ በየሚዲያው ወጣች። ነዋሪዎቹ ግን የክልሉ ዋና ሚኒስትር ሊጎበኙ ሲመጡ የጠየቁት እውነተኛውን መብራት ስጡን ብለው ነው። ፍሪጅና ከፍተኛ ኃይል የሚፈልግ ዕቃ አትሰኩ ተብለዋላ። ብዙም ሳይቆይ ዋናው መስመር መጣ፣ ዋጋው የሶላሩን ሲሶ የሚያህል ነበር፣ ሰው ሁሉ ወደዛ ሄደ፣ ባትሪዎቹም ከጥቂት ዓመት በኋላ ደከሙ፣ የሚቀይራቸው ጠፋ። የሶላሩ ጣቢያ በመጨረሻ የከብት ማሰሪያ ሆነ ተብሎ ተዘገበ።

እውነተኛው መብራት የሚለውን አባባል ኢትዮጵያ ውስጥ ለመተርጎም አንድ ዕቃ ይበቃል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። 200 ቤት ያለበት መንደር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሰላሳው ቤት ብቻ ባንድ ላይ ቢጥድ ከ100 ኪሎዋት በላይ ተፈለገ ማለት ነው፣ እንደ ዳርናይ ያለው ጣቢያ ሙሉ በሙሉ አለቀ። ወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲያስነሳ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሶላር ያለው መንደር ዋናው መስመር ይምጣልኝ ማለቱ ምስጋና ቢስነት አይደለም፣ ቀላል ሂሳብ ነው።

ግን ተቃራኒውም እውነት ነው። የገጠር ፊደር ጫፍ ላይ ያለ መንደር፣ ፊደር ማለት ከሰብስቴሽን ወጥቶ አካባቢውን የሚመግበው መስመር ነው፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚጠፋ፣ ጠፍቶ ቀናት የሚቆይ፣ ሲመጣም ቮልቴጁ ወርዶ አምፖሉ እንደ ኩራዝ የሚሆን መብራት ነው የሚያገኘው። ጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጁን በሶላሩ 24 ሰዓት ሲያሰራ ቆይቶ መስመር ገባልህ ተብሎ ሶላሩ ቢነቀልበት ወደ ኋላ ነው የሄደው። ለኔ ሁለቱን አብሮ የማቆየት ትልቁ ክርክር ይሄ ነው፣ የካርቦን ምናምን ወሬ ለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ነው፣ ግሪዳችን ለነገሩ ከድሮም በውሃ ነው የሚሰራው።

ማን ይከስራል

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ስሌት ጥሩ ሆኖ የተሰራ የሶላርና ባትሪ ሚኒ ግሪድ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማምረት 38 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በነበረው ምንዛሪ እንኳን ወደ 17 ብር ነው፣ የዛን ጊዜው የእኛ ዝቅተኛ ታሪፍ ደግሞ 27 ሳንቲም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ምንዛሪ ካስገባነው ልዩነቱ ይብሳል፣ ፓኔሉም ባትሪውም የሚገዛው በዶላር ነውና። እንግዲህ የግል ባለሀብት ወጪውን ለመመለስ አስር አስራ አምስት ዓመት የሚያስፈልገውን ጣቢያ ተክሎ በአራተኛው ዓመት ዋናው መስመር ቢመጣበት ደንበኛው በአንድ ወር ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። ይሄን የሚያውቅ ባንክ ደግሞ መጀመሪያውኑ አያበድርም፣ ስለዚህ ጉዳቱ መስመሩ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚጀምረው፣ ሳይተከሉ በቀሩ ጣቢያዎች።

ሌሎች አገሮች ይሄን በተለያየ መንገድ ነው የያዙት። ካምቦዲያ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የግል ነጋዴዎች በናፍጣ ጀነሬተር መንደር ለመንደር መብራት ይሸጡ ነበር፣ በጣም ውድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኤሌክትሪክ ህግ ወጣና ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ፈቃድ ይሰጣቸው ጀመር፣ ግን በዘዴ ነው፣ መስመርህን አስተካክለህ ስታንዳርድ ካስገባህ የፈቃድህ ዘመን ይረዝማል ተባሉ። ዋናው መስመር ሲመጣ ከ250 በላይ የሚሆኑት ጀነሬተራቸውን ትተው ኃይሉን በጅምላ ከዋናው እየገዙ በችርቻሮ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ሆኑ። ማመንጨቱ ሞተ፣ ንግዱ ተረፈ። ስሪላንካ ተቃራኒው ነው የሆነው። እዛ ከ200 በላይ የሚሆኑ የመንደር የውሃ ማመንጫዎች ነበሩ፣ ባለቤቶቹ የመንደሩ ማህበራት። በድጎማ የረከሰው ዋናው መስመር ሲደርስ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ ከግሪዱ ጋር ተገናኝተው መሸጥ የቻሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ምክንያቱም ለማገናኛው የሚያስፈልገውን ዕቃ መግዛት ለትንሽ ማህበር ከባድ ነው፣ ማከፋፈሉን ደግሞ የመንግስቱ ድርጅት ራሱ ይዞታል።

ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው የሚኒ ግሪድ ደንብ ምርጫውን በጽሁፍ አስቀመጠች፣ ፈቃድ ያለው ሰው መስመር ሲመጣበት ከዋናው ጋር ተገናኝቶ መቀጠል ይችላል፣ ካልፈለገ የንብረቱ ቀሪ ዋጋ ላይ የአስራ ሁለት ወር ገቢ ተጨምሮ ካሳ ይከፈለዋል። ታንዛኒያም ለአነስተኛ አመንጪዎች ተመሳሳይ አማራጮች አሏት፣ ሙዌንጋ የሚባለው 4 ሜጋዋት የውሃ ማመንጫ ለምሳሌ ለአካባቢው መንደሮችም ይሸጣል፣ የተረፈውን ደግሞ ለብሔራዊው ግሪድ ይሸጣል። ካሳ ወረቀት ላይ መጻፍና ካሳ መክፈል ግን አንድ አይደለም፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን የሚመልስ አካል ከሌለ ባንኩ አሁንም አያምንም። ካሳ ላይ ሌላም ተቃውሞ አለ፣ ባለሀብቱ መስመር እንደሚመጣ እያወቀ እዛው ቦታ ተክሎ ካሳ ሊጠብቅ ይችላል የሚል፣ ይሄ ከንቱ ስጋት አይደለም፣ መፍትሄው ግን የመስመር ማስፋፊያ ካርታውን አስቀድሞ ለህዝብ ግልጽ አድርጎ ከዛ ሳይንሸራተቱ መቆየት ነው። ካርታው በየምርጫው ሰሞን የሚቀያየር ከሆነ ማንም ማንንም መውቀስ አይችልም።

እኛ ጋ ሲመጣ

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከነዚህ ሁሉ ለየት ይላል። በ2006 የድሮው መብራት ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለሚባለው፣ ማከፋፈልና መሸጡ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለሚባለው ደረሰ። እስካሁን ከተተከሉት የሶላር ሚኒ ግሪዶች የሚበዙት የኤሌክትሪክ አገልግሎት የራሱ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው የዓለም ባንክ የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክትም ለዚህ አይነት ስራ ገንዘብ ይዟል። እዚህ ጋ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የኤስሲኤስ ታሪክ የሚመለሰው። የሶላሩ ባለቤትና የመስመሩ ባለቤት አንድ ከሆነ ካሳ የሚባል ጭቅጭቅ የለም፣ ታሪፉም ያው አንዱ የአገር ታሪፍ ከሆነ ገበሬው ጥሎ የሚሄድበት ምክንያት የለም። በዚህ በኩል ስሪላንካ የደረሰባት አይደርስብንም።

ግን ያው አንድ ባለቤት መሆኑ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። ኪሳራው የሚጮህበት ሰው ስለሌለው ዝም ብሎ ይዋጣል። 17 ብር እያወጡ በሳንቲም መሸጥ ማለት ባትሪ ሲሞት መቀየሪያ የለም ማለት ነው፣ ሊቲየም ቢሆን አስር ዓመት ገደማ፣ ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ ከሶስት እስከ አምስት ዓመት፣ ከዛ ዳርናይ። መስመሩ በስድስተኛው ዓመት ቢመጣና ጣቢያው በአምስተኛው ዓመት ቆሞ ቢሆን የሚገናኝ ነገር አይኖርም። የግል ባለሀብት ይግባበት የሚሉት ሰዎች ክርክር ከዚህ ይነሳል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሚኒ ግሪድ መመሪያም ለነሱ በር ለመክፈት ነው የተዘጋጀው። እነሱ ግን ወጪያቸውን የሚመልስ ታሪፍ ካልተፈቀደላቸው አይገቡም፣ ከተፈቀደላቸው ደግሞ ጎረቤት ቀበሌ ያለው ሰው በሳንቲም ሲከፍል ይሄኛው ለምን በብር ይከፍላል የሚል የፍትህ ጥያቄ ይመጣል። ሁለቱንም የሚያስታርቀው ድጎማ ነው፣ ድጎማው ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ሳይነገር ስለ ግል ሴክተር ማውራት ትርጉም የለውም።

ሌላው ከኢንጂነሮች በኩል የሚመጣው አስተያየት ነው። እነዚህ ጥቃቅን ማመንጫዎች ፊደር ጫፍ ላይ ሲንጠለጠሉ የመስመሩን መከላከያ ያዛባሉ፣ የሚቆጣጠር ባለሙያ የለም፣ ስለዚህ መስመር ሲመጣ ፓኔሉንና ኮንቴይነሩን ነቅሎ ገና መስመር ወደማይደርስበት ሌላ መንደር መውሰድ ይሻላል ይላሉ። እውነት ለመናገር ለብዙ ቦታ ትክክል ናቸው። ፓኔል 25 ዓመት ይሰራል፣ ኮንቴይነር ውስጥ የተገጠመ ኢንቨርተርና ባትሪ በመኪና ይሄዳል፣ ልክ እንደ ድሮዎቹ ጀነሬተሮች፣ ምሰሶው ብቻ በስታንዳርዱ የተተከለ ይሁን እንጂ መንደሩ ምንም አይጎድልበትም። አንድ ችግር ብቻ አለው፣ መስመሩ የሚያስተማምን ካልሆነ መንደሩ የነበረውን አስተማማኝ ነገር አጥቶ የማያስተማምን ያገኛል። ስለዚህ ከመንቀሉ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምት አብረው ቢቆዩና ያ ፊደር በወር ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ቢመዘገብ ውሳኔው በግምት አይሆንም ነበር።

አብረው መቆየታቸው የሚያዋጣባቸው ቦታዎች ደግሞ አሉ። እኛ አገር ድሪም እንደሚባለው ያሉ ፕሮጀክቶች ሶላሩን ከመስኖ ጋር አጣምረው ነው የሚነሱት። ለመብራት ብቻ የተተከለ ሶላር ቀን የሚያመርተውን ለማታ ለማቆየት ውድ ባትሪ ይፈልጋል፣ የውሃ ፓምፕ ግን የሚሰራው ፀሐይ አናት ላይ ባለችበት ሰዓት ስለሆነ ኃይሉ እንደተመረተ ይበላል። እንዲህ ያለ ቦታ ዋናው መስመር ሲደርስ ፓምፖቹ ቀኑን በሶላሩ ይሰራሉ፣ ምጣዱና የማታው መብራት ከመስመሩ ይስባል፣ ረጅሙ ፊደር ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ ክረምት ላይ ፓምፕ በማይፈለግበት ወቅት ደግሞ ትርፉ ወደ መስመሩ ይሄዳል። የሚሄደውን ለመቁጠር ግን መገናኛው ላይ የሚሰቀለው ቆጣሪ የሚመጣውንም የሚሄደውንም የሚመዘግብ አይነት መሆን አለበት፣ ለተላከው ኃይል ስንት እንደሚከፈል የሚናገር ውል ደግሞ መስመሩ ከመድረሱ በፊት መፈረም አለበት።